የጦር መሪ የአገር መሪ ሲሆን



በወጣቶች የውይይት ሰዓት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። ጥያቄውም «ዕድሜውን በጦር ሜዳ ያሳለፈ ጄኔራል ከፍተኛ የፖለቲካ ሥልጣን ቢይዝ ለአገር ይበጃልን?» የሚል ነበር። ግማሻችን ይበጃል አልን፤ ግማሻችን አይበጅም አልን። ነገሩ በጭብጨባ ብዛት የሚቆረጥ ስላልሆነ፣ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አስቀምጠን፣ የአገራችንንም ታሪክ ምስክር ጠርተን ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ይበጃል የሚሉት ወገኖች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ወታደር ሰዓት ያከብራል፤ ረኃብና ብርድ ያውቃል፤ ስለ አገር ሲናገር ቃሉን በደሙ ለማጽደቅ የተዘጋጀ ሰው ነው። ከወንበር ወደ ወንበር ሲዘዋወር ከኖረ ሰው ይልቅ ከምሽግ የመጣ ሰው ሕይወት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች ይረዳል ይላሉ። በተለይም አገር በታወከ ጊዜ ድምፁ የሚሰማ፣ ቃሉ የሚፈጸም ሰው ያስፈልጋል ባዮች ናቸው።

አይበጅም የሚሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ የጦር ሜዳ ዓለም ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ወገን አለ፣ ጠላት አለ። በከተማና በገጠር ግን ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ወገን ሆኖ ሳለ «አልስማማም» የሚል ዜጋ ነው። ለዚህ ሰው በጦር ሜዳ ቦታ የለውም፤ በአገር አስተዳደር ግን ዋናው ሰው እርሱ ነው። እንግዲያስ ሠላሳ ዓመት «እሺ ጌታዬ» ሲባል የኖረ አዛዥ ይህን ሰው በምን ዓይን ያየዋል? ብለው ይጠይቃሉ።

በእኛ በኩል ሁለቱም ወገኖች እውነት እንዳላቸው እናምናለን። ስለዚህ ጥያቄውን በመልካም ምኞት ሳይሆን በሆነው ነገር ብንመዝነው ይሻላል።

1ኛ/ በጊቤ ምድር የሆነው

ይህ ጥያቄ ለጅማና ለዙሪያዋ ሰው እንግዳ አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት አባ ገዳ የሚባለው የሕዝብ መሪ አለ፤ አባ ዱላ የሚባለው ደግሞ የዘመቻ መሪ፣ ቃል በቃልም የጦር አባት ነው። ሥልጣን የሚቆየው ስምንት ዓመት ነበር። ስምንቱ ዓመት ሲሞላ ደግም ሆነ ከፋ፣ ጀግናም ሆነ ፈሪ፣ ባለሥልጣኑ ለተተኪው ያስረክባል። ጦረኛው የተፈለገው ለጦርነት ነው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ከብቱና ወደ እርሻው ይመለሳል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን በጊቤ ወንዝ ወዲህ ያለው ነገር ተለወጠ። ዘመቻው በዛ፤ በሳቃና በሂርማታ ገበያ የሚያልፈው ንግድ ደረጀ፤ የጦር መሪዎቹ ምርኮም፣ መሬትም፣ ተከታይም አበዙ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ አላስረከቡም። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱን ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት የተወለዱት በአብዛኛው ከዚህ ነው። በሊሙ እናርያ አባ ባጊቦ እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ነገሡ፤ በጅማ ቀዳማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ መንግሥታቸውን አቋቋሙ። ጎማ ዛሬ አጋሮ ያለችበት አገር ነው። እንግዲህ ቡና የምንለቅምበት ምድር በሙሉ፣ የጦር መሪዎች ንጉሥ የሆኑበት ምድር ነው ማለት ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። እነዚህ ነገሥታት ገበያውን ጠብቀዋል፤ ነጋዴው በሰላም እንዲያልፍ መንገዱን አስከብረዋል። ነገር ግን ሕዝቡ አንድ ትልቅ ነገር አጣ፤ ይኸውም «ጊዜህ ደርሷል» የሚልበትን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ከመሪ ወደ መሪ በጉባኤ የሚተላለፍ መሆኑ ቀረ። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ ጦር መምራታቸው አልነበረም። ጥፋቱ ቀኑ ሲደርስ አለማስረከባቸው ነው።

ከዚሁ ቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ዳግማዊ አባ ጅፋር በልጅነታቸው የወረሱት በጦር የቆመ መንግሥት ነበር። ሆኖም በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ኃይል ሲቃረብ የእናታቸውን የገኔ ጉሚቲን ምክር ሰምተው ግብር መክፈልን መረጡ። በዚህም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ለረጅም ዘመን ይዛ ቆየች። ጎረቤቷ ከፋ ግን ተዋግታ እ.ኤ.አ. በ1897 ስትሸነፍ ብዙ ሕዝብና ሀብት ጠፋባት። የከፋን ሕዝብ ጀግንነት አናናንቅም። ነገር ግን ጅሬን ላይ ዛሬም የቆመውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስናይ፣ ከጦረኛ ቤት የወጣው ትልቁ ውሳኔ ያለመዋጋት ውሳኔ እንደ ነበረ ልናስታውስ ይገባናል።

2ኛ/ ጄኔራሎቹና ወንበሩ

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1966 ዓ.ም. አገር ሁሉ ሲናወጥ የጅማ ሕዝብም በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይ ተነሥቶ ነበር። ሕዝቡ የጠየቀው ፍትሕና መሬት ነው። በሕዝቡ ጩኸት ላይ ተደርቦ ሥልጣን የያዘው ግን ጦሩ ሆነ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥቱ መሪ የሆኑት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ነበሩ። በሐረር የሦስተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ስማቸው የገነነ፣ «የበረሃው አንበሳ» የተባሉ መኮንን ናቸው። በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ዓመታት ስለ ቆዩ የሲቪሉን ዓለም ያውቁታል። በኤርትራ ጉዳይ ከጠመንጃ ይልቅ ንግግርን መረጡ፤ ወደ ኤርትራ ሄደውም ሕዝቡን አነጋገሩ። በዚህና በሌሎች ጉዳዮች ከደርግ ጋር አልተስማሙም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ቤታቸውን ከበው ተኩስ ከፈቱ፤ ጄኔራሉም ሞቱ። በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ከእርሳቸው በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀ መንበር ሆኑ። እርሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር ተገደሉ፤ ሥልጣኑንም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጠቅልለው ያዙት። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ሲወጡ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሥልጣናቸው አንድ ሳምንት ብቻ ቆየ። ከዚያ በኋላ በጣልያን ኤምባሲ ተጠግተው ዓመታት ተቀምጠው እዚያው አረፉ።

ሦስት ጄኔራሎች ናቸው፤ አንዱም በሰላም አስረክቦ ወደ ቤቱ አልገባም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሦስቱም ክፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው እንዳንል፣ ጄኔራል አማን የሞቱት ለስላሳውን መንገድ በመምረጣቸው ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በጠመንጃ የተገኘ ወንበር ከጠመንጃ በቀር ሌላ መግቢያም መውጫም የለውም። ሕግ ያስቀመጠውን ሰው ሕግ ያነሣዋል፤ ሠራዊት ያስቀመጠውን ሰው ግን የሚያነሣው ሠራዊት ነው። «በቃኝ» ቢልም፣ «አልስማማም» ቢልም፣ ጉዳዩን የሚመለከትለት ዳኛ የለም። ስለዚህ መልካሙም ጄኔራል እንደ ክፉው ይጠፋል።

3ኛ/ ቡና ትእዛዝ አይሰማም

ወታደራዊው መንግሥት ምንም አልሠራም ማለት ውሸት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ ርስት ጫና አላቀቀው። በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገርም ለሰው ቡና እየለቀመ ራሱ ሳይጠቀም የኖረ ገበሬ ነበርና፣ ያ ቀን ለእርሱ ትልቅ ቀን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቀን አዋጅ መፈጸም ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን በአዋጅ የሚፈጸም አልሆነም። የቡናው ዋጋ ከላይ ተቆረጠ፤ ገበሬው ለመንግሥቱ የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን እንዲያስረክብ ተደረገ፤ በየኬላው ቡና የያዘ ሁሉ ተፈተሸ። በውጭ አገር ገበያ ቡና በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ የገበሬው ድርሻ አነስተኛ ሆነ። በመንደር ምሥረታውም ጊዜ ብዙ ገበሬ በትእዛዝ ከጓሮው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቤት እንዲሠራ ተገደደ። ጓሮውን የተነጠቀ ገበሬ ደግሞ ቡናውን ከቅርብ ሆኖ ሊንከባከብ አይችልም።

የቡናን ጠባይ የምናውቅ የዚህ አገር ልጆች ነን። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ጥላ ይፈልጋል፤ ሲደርስም ቀዩ ፍሬ ከአረንጓዴው እየተለየ በእጅ ይለቀማል። ጄኔራል ቢያዝ ሚኒስትር ቢፈርም አረንጓዴው በአንድ ሌሊት አይቀላም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ መድኅን የተገኘው በትእዛዝ አልነበረም። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎችና ባልደረቦቻቸው በበሽታው መካከል ጤናማ ሆነው የቆሙትን ዛፎች በትዕግሥት ፈልገው፣ ዘር ወስደው፣ ፈትነው በሽታ የሚቋቋም ዝርያ አወጡ። አገር መምራት ከምሽግ ማጥቃት ይልቅ ይህን ይመስላል፤ መፈለግ፣ መጠየቅ፣ መፈተን፣ መጠበቅ ነው። ጦርነት በሰዓታት ይቈጠራል፤ አገር ግን በዓመታት ነው።

4ኛ/ መለዮን አውልቆ መግባት

ሌላ መንገድስ የለምን? አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል መሆን እንዳለበት፣ ሠራዊቱም ሥራውን ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኛነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ደንግጓል። ያለፈው ዘመን ደም ያስተማረው አንቀጽ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፉ ሰው ሜጀር ጄኔራል አባዱላ ገመዳ ናቸው። ስማቸው ራሱ ከላይ ያነሣነውን የጦር አባትነት የሚጠራ መሆኑ ያስደንቃል። በ1994 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ወጥተው የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነው ጅማንም ጨምሮ ክልሉን አምስት ዓመት ያህል አስተዳደሩ። በ2003 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የወከሉት ሕዝብና የድርጅታቸው ክብር እንደ ተነካ ተናግረው ከአፈ ጉባኤነት ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በኋላ ጥያቄውን አንሥተው ቢቀጥሉም፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ወንበሩን ለወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል አስረከቡ።

ይህን ከ1967 ዓ.ም. ጋር አስተያዩት። ጄኔራል የነበረ ሰው ቅሬታ ሲሰማው ታንክ አላንቀሳቀሰም፤ ወረቀት ጽፎ «ልልቀቅ» አለ። ወንበሩን የተረከበውም ሰው በሕይወት ካለ ሰው እጅ ተረከበ። ለብዙ አገር ይህ ተራ ነገር ነው። ለእኛ ግን ከጄኔራል አማን ዘመን እዚህ ድረስ የተጓዝንበት ረጅም መንገድ ነው።

ሆኖም ነገሩን ማሳመር አይገባንም። እርሳቸው በአፈ ጉባኤነት በመሩት ምክር ቤት፣ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ምርጫም 547ቱን በሙሉ ያገኙት ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ነበሩ። ስለዚህ ጄኔራሉ መለዮውን ቢያወልቅም፣ የገባበት አዳራሽ ራሱ እንደ ሰልፍ ሜዳ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ነበር። «አልስማማም» የሚለው ሦስተኛው ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚህ የምንማረው የሰውየው ልብስ መለወጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ቤቱም መለወጥ አለበት።

በቅርቡም ሌላ ምሳሌ አይተናል። ሁለት ዓመት የፈጀው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም፣ ተከትሎ በናይሮቢ የትግበራውን ሰነድ በየወገናቸው ከፈረሙት የጦር አዛዦች አንዱ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ትናንት ሲዋጋ የነበረ አዛዥ ተፈናቃይን ወደ ቤቱ የመመለስ፣ ትምህርት ቤት የመክፈት፣ ደመወዝ የመክፈል ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ይህ ሥራ ከውጊያው ይከብዳል፤ በውጊያ ላይ ያለቀሰች እናት በቢሮ በር ላይ ቆማ መልስ ትጠይቃለችና።

ከውጭ አገርም ሁለት ሰዎች እንጥቀስ። ጆርጅ ዋሽንግተን ጦርነቱን ካሸነፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1783 አዛዥነቱን ለአገሩ ምክር ቤት መልሶ ወደ እርሻው ሄደ፤ በ1789 በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሁለት ዘመን አገልግሎ በ1797 በፈቃዱ ለቀቀ። የናይጄሪያው ጄኔራል ኦባሳንጆ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥልጣኑን ለተመረጠ መንግሥት አስረክቦ ተመሰገነ፤ በ1999 በምርጫ ተመልሶ መጣ። በ2006 ግን ሦስተኛ ዘመን እንዲፈቀድለት ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የቀረበውን ሐሳብ የአገሪቱ ሴኔት ጣለው። አንድ ጊዜ ማስረከብ የቻለ ሰው እንኳ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስፈልገው የራሱ ልብ ብቻ ሳይሆን «አይሆንም» የሚል ሴኔት ነው።

5ኛ/ እንግዲህ ምን እንላለን?

ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጦር የመራ ሰው አገር መምራት ይችላል፤ ነገር ግን ከመለዮው ጋር አብሮ ሊሰቅላቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

ሀ/ ትእዛዝን። ወታደር ይታዘዛል፤ ዜጋ ይጠየቃል። ከዚህ በኋላ አዛዡ ማስረዳትን መማር አለበት።

ለ/ ጠላት የሚለውን ቃል። በአገሩ ልጅ ላይ ይህን ቃል የሚጠቀም መሪ ጦርነቱን ወደ ቤቱ አምጥቶታል።

ሐ/ ምስጢርን። የጦር ዕቅድ ይሰወራል፤ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ፍርድ ግን በአደባባይ ይሆናል።

መ/ ዘመን የሌለው ሥልጣንን። የማስረከቢያው ቀን ሹመቱ ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት፤ የገዳው ስምንት ዓመት ያስተማረን ይህን ነው።

ይዞት የሚመጣው መልካም ነገርም አለና አንርሳው። ሥርዓት አክባሪነቱን፣ ከተራው ሰው ጋር መራቡን፣ ሞትን በቅርብ ስላየ ሰላምን መውደዱን ይዞ ይምጣ፤ እነዚህን ሕዝብ ይፈልጋቸዋል።

በቅዱስ መጽሐፍ የምናውቀው የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን፣ ሄዶ ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ እንዲታጠብ በተነገረው ጊዜ ትእዛዙ ቀላል ስለ ሆነበት ተቆጥቶ ሊመለስ ነበር። የተፈወሰው ጀግና ስለ ነበረ አይደለም፤ አገልጋዮቹ ቀርበው ስለ መከሩትና እርሱም ስለ ሰማቸው ነው። አስተውሉ፤ ደፍረው የሚናገሩ አገልጋዮች ባይኖሩት ኖሮ ጄኔራሉ ለምጹን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ ጉዳዩ የጄኔራሎች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ዛሬ በየቦታው ግጭት ሲሰማ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የቡና ጭነት ከመድረሻው ሲቀር «አንድ ጠንካራ ሰው መጥቶ ቀጥ ባደረገው» የሚል ምኞት በወጣቱ አፍ ሲዘወተር እንሰማለን። ምኞቱ ከድካም የመጣ ነውና ለመፍረድ አንቸኩልም። ነገር ግን አገርን ቀጥ የሚያደርግ ሰው ስንመኝ፣ እርሱን ራሱን ቀጥ የሚያደርገው ማን እንደ ሆነ አብረን እንጠይቅ። በ1967 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ስለ ታለፈ፣ ያ ዘመን በየሰፈራችን ልጆቻቸውን በቀይ ሽብር ያጡ እናቶችን አስቀርቶልናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ልምምዱ ከትንሹ ይጀምራል። በየማኅበራችን ሊቀ መንበር ስንመርጥ የአገልግሎቱን ዘመን በቃለ ጉባኤ እናስፍር፤ ዘመኑ ሲሞላም ወዳጃችን ቢሆን እንኳ እናመስግነውና ሌላ እንምረጥ። በስብሰባ መካከል አንዱ ተነሥቶ «አልስማማም» ቢል አናጉረምርምበት፤ እስኪጨርስ እንስማው። ነገ ከመካከላችን መኮንን የሚሆን ይኖራል፤ ሚኒስትር የሚሆንም ይኖራል። ያን ጊዜ እርሱ መስማትን፣ እኛም መናገርን ለምደን እንገኝ።